ቆዳው ላይ የወጣው ከውስጥ ሲሆን፦ ጅማ ሆናችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?

ቆዳ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ካንሰር አይደለም። ርዕሱን አይቶ የሚደነግጥ ስለማይጠፋ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ቋቁቻ፣ ጭርት፣ ችፌ፣ እከክ፣ ማድያት እዚህ ጅማ በየቤቱ አሉ፤ ከውስጥ ካንሰር ጋር አይገናኙም። ለምጽ እንኳ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳ ሲያጠቃ የሚመጣ ቢሆንም፣ ውስጥ ዕጢ አለ ማለት አይደለም። ለምጽ ያለበትን ሰው በዚህ ጽሑፍ እንዳታስፈራሩብኝ።

የማወራው ከውስጥ ካንሰር ጋር አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ ጥቂት የቆዳ ሕመሞች ነው። ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፣ አብዛኛው ሰው ስማቸውንም ሰምቶ አያውቅም። ግን አዋቂ ሰው ላይ ሲታዩ ሐኪሙም ቤተሰቡም «ይሄን ምን አመጣው?» ብለው ውስጡን መፈተሽ አለባቸው። አንዳንዴ ሆድ ሳያም፣ ሳል ሳይኖር፣ ክብደትም ሳይቀንስ ገና ቆዳው ላይ ምልክት ይወጣል። ያኔ ከተፈለገ ካንሰሩ ሳይሰራጭ ሊገኝ ይችላል። ቅባት ተሰጥቶ፣ ኪኒን ተሰጥቶ፣ ሰውየው ወደ ቤቱ ከተላከ ግን ያ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ የምላችሁ ይሄ ነው፦ ከነዚህ ሕመሞች አንዱ ሲገኝ የቆዳውን ሕክምና ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፣ የውስጥ ምርመራም ጠይቁ፤ አንዴ ተመርምሮ «ነጻ ነው» ቢባልም ክትትሉን አታቋርጡ።

እንዴት ይያያዛሉ ለሚል ሰው ባጭሩ ልንገረው። የሰውነት መከላከያ ካንሰር ሲያገኝ ይዋጋዋል። ካንሰሩ ላይ ያለው ነገር ቆዳ ወይም ጡንቻ ላይ ካለው ጋር ሲመሳሰልበት ግን እነሱንም አብሮ ይመታል፤ ሌባ የሚያሳድድ ዘበኛ በጨለማ የቤቱን ልጅ እንደሚመታው ማለት ነው። ካንሰሩ ቆዳው ላይ ተሰራጭቶ አይደለም። የሚታየው የመከላከያው ጥቃት ነው። ደግሞ ይሄ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንድ ማዕድ ላይ መብላት፣ በአንድ ሲኒ ቡና መጠጣት፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛት ምንም ችግር የለውም። ይሄንን ለጎረቤት ጭምር ንገሩልኝ፤ ቆዳው የተበላሸ ሰው ከሕመሙ እኩል የሚጎዳው ሰው ሲሸሸው ነው።

የዓይን ቆብ ሲጠቁር፣ ክንድ ሲከብድ

ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለባችሁ ደርማቶማዮሳይቲስ የሚባለውን ነው። ቆዳንና ጡንቻን አንድ ላይ ያጠቃል። ሐኪሞች ይሄ ዓይነት የጡንቻ ሕመም ከካንሰር ጋር አብሮ እንደሚመጣ መጻፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፤ ከ100 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው ማለት ነው።

ቆዳው ላይ የት የት እንደምታዩ ልንገራችሁ። የላይኛው የዓይን ቆብ ያብጣል፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይሄዳል። የጣት አንጓዎች ላይ፣ በተለይ ጡጫ ስትጨብጡ ብቅ የሚሉት አጥንቶች ላይ፣ ጠፍጠፍ ያሉ ሻካራ እብጠቶች ይወጣሉ። ክርንና ጉልበት ላይም ሊወጣ ይችላል። ደረት ላይ ሸሚዝ የማይሸፍነው ቦታ ይጠቁራል። ትከሻና ማጅራት፣ ልክ ነጠላ ሲጣል የሚያርፍበት ቦታ፣ ይለወጣል። የጥፍር ሥር ሻካራ ይሆናል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩበታል። የራስ ቆዳ ደግሞ ያሳክካል፣ ብዙዎች ፎሮፎር መስሏቸው ሻምፑ ይቀያይራሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ትልቅ ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የምታገኟቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሱ ናቸው። እዚያ ቀይ ነው፣ ሮዝ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጥቁር ቡናማ፣ ግራጫ፣ ሐምራዊ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም አካባቢው ነጣ ይላል። «አልቀላም እኮ» ብላችሁ አትተዉት። በቀን ብርሃን፣ በር ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ሆናችሁ እዩት። በአምፖል ብርሃን የዓይን ቆብ ቀለም አይለይም።

እዚህ አካባቢ ፊቱ ድንገት ያበጠ ሰው «ምች መታው» ይባላል። ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ይታሻል፣ ይታጠናል። ቤተሰቡ ያስተዋለው ነገር ግማሹ ልክ ነው፤ ፀሐይ ይሄን ሕመም በእርግጥ ያባብሰዋል። ግን በተለምዶ ምች የሚባለው በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻለዋል። ይሄኛው አይሄድም። ቀናት አልፈው፣ ሁለት ሳምንት ሞልቶ የዓይን ቆብ እንደጠቆረ ከሆነ፣ ወይም ጠፍቶ ቡና ለማስጣት ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ሲዋል ከተመለሰ፣ የዳማከሴው ጊዜ አልፏል።

ጡንቻው ደግሞ እንዲህ ነው። የሚደክሙት ትልልቆቹ ናቸው፦ ትከሻ፣ ክንድ፣ ዳሌ፣ ጭን። ጣት ደህና ነው፤ ብር መቁጠር፣ ስልክ መነካካት ይችላል። ግን ከበርጩማ ሲነሳ እጁን መሬት ላይ ይደግፋል። ከስግደት ወይም ከሱጁድ ለመነሳት ይቸገራል። ሹሩባ የምትሠራ ሴት እጇ መሃል ላይ ይወርድባታል። ጄሪካን ማንሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ሚኒባስ ላይ መሳፈር ይከብዳል። ትራስ ላይ ጋደም ብሎ ራስን ብቻ ቀና ማድረግ እንኳ ያቅታል። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ያን ያህል አይደለም፣ አቅም ማጣቱ ነው የሚብሰው። የሰፈራችን አንዲት እናት ቡና አፍልተው ከረከቦቱ አጠገብ መነሳት ሲያቅታቸው ሁላችንም ዕድሜ ነው ብለን ነበር። ዕድሜ ግን በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ አያደርግም።

ቤት ውስጥ ልትሞክሩት የምትችሉት ቀላል ነገር አለ። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከዝቅተኛ ወንበር ይነሳ። ሁለቱን እጆች ከራሱ በላይ አንስቶ ትንሽ ያቆያቸው። ካቃተው፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ጻፉ። ምርመራ አይደለም ይሄ፣ ግን ለሐኪሙ «ደከመኝ» ከማለት በጣም ይሻላል። «ደከመኝ» የሚል ታካሚ በቀን ስንት ይገባል፤ «ከመስከረም ጀምሮ ያለ እጄ ድጋፍ ከወንበር አልነሳም» የሚል ግን ሐኪሙን ቀጥታ ወደ ጡንቻው ይወስደዋል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ውኃ ሲጠጣ በአፍንጫው የሚመለስበት፣ ድምፁ የተለወጠ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ያን ቀን ራሱ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። የመዋጫና የመተንፈሻ ጡንቻ ተነክቷል፣ ወይም ሳንባው ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ምን ያህሉ ላይ ካንሰር ይገኛል? ጥናቶቹ ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ ግን ደርማቶማዮሳይቲስ ካለባቸው 100 አዋቂዎች ከ15 እስከ 30 በሚሆኑት ላይ ይላሉ። ገልብጣችሁ አንብቡት፦ አብዛኛው ሰው ካንሰር የለበትም። ግን ከ100 ውስጥ 15ም ቢሆን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አደጋው የሚጨምረው ዕድሜው ከ40 በላይ በሆነ፣ መዋጥ ባስቸገረው፣ ቆዳው እየሞተ በሚቆስልና በመድኃኒት አልመለስ ባለው ሰው ላይ ነው። በደም ምርመራ ቲአይኤፍ-ዋን ጋማ ወይም ኤንኤክስፒ-ቱ የሚባሉ ፀረ እንግዳ አካላት ከተገኙም እንደዚያው። ካንሰሩ የኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ማመንጫ፣ የጡት፣ የሳንባ፣ የጨጓራ፣ የትልቁ አንጀት፣ የቆሽት ወይም ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከቆዳው በፊት፣ ከቆዳው ጋር ወይም ከቆዳው በኋላ ሊታይ ይችላል። ዋናው አደጋ የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ እስከ 3 ዓመትም ከፍ ብሎ ይቆያል። ልጆችም ይሄ ሕመም ይይዛቸዋል፤ ልጅ ላይ ሲሆን ግን ከካንሰር ጋር የሚያያዘው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ወላጆች በዚህ አትጨነቁ፣ ቆዳና ጡንቻውን አሳክሙ።

የማይድን የአፍ ቁስል

ሁለተኛው ፓራኒዮፕላስቲክ ፔምፊገስ ይባላል። ለብቻው ስም አግኝቶ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እጅግ ጥቂት ሰው ነው የሚይዘው፣ ግን ከባድ ነው። የሚጀምረው አፍ ውስጥ ነው፤ ምላስ፣ ድድ፣ ጉንጭ ይላጣል፣ ከንፈር ይደማል፣ ቅርፊት ይይዛል። በርበሬ የነካው ወጥ ቀርቶ ለብ ያለ ሻይ አያስገባም። ከዚያ ዓይን ይቀላል፣ ብልት ላይ ይቆስላል፣ ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ነገር ይወጣል። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚገኘው የሊምፍ ወይም የደም ካንሰር ነው፤ ካስልማን የሚባለው የንፍፊት ሕመምና ደረት ውስጥ ያለ የታይመስ ዕጢም አሉበት። ሳንባንም ሊያጠቃ ስለሚችል ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ አትዘግዩ።

እዚህ ላይ ማምታታት አልፈልግም። ተራው ፔምፊገስም ብዙ ጊዜ አፍ ውስጥ ነው የሚጀምረው፣ ከዚህኛው በጣም የበዛውም እሱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከካንሰር ጋር አይያያዝም። አፍ ውስጥ የሚታይ ነጭ ነገርም ፈንገስ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው ናሙና የሚያስፈልገው። የአፍ ቁስል ሦስት ሳምንት አልፎ ካልዳነ፣ ጉሮሮ ማጠቢያና የፈንገስ መድኃኒት ብቻ እየቀያየራችሁ አትቀመጡ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ዓይንንና አፍን እያቆሰለ ጠባሳ የሚተው ፔምፊጎይድ አለ፤ ላሚኒን 332 የሚባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጠቃው ዓይነት ሲሆን ካንሰር ይፈለጋል። ቆዳን የሚያጠነክረው ስክሌሮደርማም በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲሁ። ከመከላከያ ጋር የማይያያዙ፣ ግን ቢታወቁ ጥሩ የሆኑም አሉ። ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነት ለሳምንታት የሚያሳክክ፣ ሌሊት ልብስ እስኪርስ የሚያልብ፣ ንፍፊት ያበጠበት ሰው ሊምፎማ ይፈተሽ። አንገትና ብብት እንደ ከፋይ እየወፈረ የሚጠቁረው አብዛኛውን ጊዜ ከውፍረትና ከስኳር ጋር ነው፤ ቀጭን ጎልማሳ ላይ በወራት ውስጥ ተስፋፍቶ ከንፈርና መዳፍ ከደረሰ ግን ጨጓራ ይታይ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ከዚህ ጀምሮ የምለው ሁሉ አቅምና ጊዜ ለመቆጠብ ነው።

ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ አንዱን ከቅርብ ሌላውን ከራቅ አድርጋችሁ። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አንሱ። የቆዳ ሕመም ይሄዳል ይመለሳል፤ በቀጠሮው ቀን ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል፣ ያኔ ፎቶው ያድናችኋል። ቀኑ ስልኩ ላይ ይመዘገባል።

ከዚያ የተወሰደውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስቡ። ባዶ ቱቦውንም፣ የኪኒን ማሸጊያውንም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ የቤታሜታሶን ወይም የክሎቤታሶል ቅባት ካለ በተለይ አትደብቁ። እነዚህ ቅባቶች ለጊዜው ቆዳውን ጸጥ ያደርጉታል፣ ሐኪሙ የሚያየውን መልክ ያጠፉታል፣ የናሙናውንም ውጤት ሊያምታቱ ይችላሉ። የባህል መድኃኒት ጠጥታችሁ ከሆነም ተናገሩ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም ተናገሩ፣ ጉበትንና ኩላሊትን የሚነካ ሊሆን ይችላልና። ፀበል የሚሄድ ሰው ፀበሉን መተው አያስፈልገውም፣ ሐኪም የሰጠውን ኪኒን ግን ይዞ ይሂድ።

መንገዱ እንዲህ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ መታወቂያው መታደሱን እዩ፣ ከቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ሪፈር ጻፉልን በሉ። ሪፈር ሳትይዙ ቀጥታ ሆስፒታል ብትገቡ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ጅማ ላይ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለ፣ ትልቁ ደግሞ ለመላው ደቡብ ምዕራብ የሚያገለግለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። የቆዳ ሐኪም፣ የውስጥ ደዌ፣ ናሙና የሚመረምረውን ፓቶሎጂ በአንድ ግቢ ማግኘት ለዚህ ሕመም ትልቅ ነገር ነው፤ ሦስቱም መነጋገር አለባቸውና። ከአጋሮ፣ ከቦንጋ፣ ከሚዛን ለምትመጡ፣ ከተቻለ ከማለዳው ድረሱ፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ካስፈለገ ይዛችሁ ኑ። አፋን ኦሮሞ፣ ካፊኛ ወይም አማርኛ፣ የሚቀላችሁን ተናገሩ፤ የሕመም ታሪክ በተሰባበረ ቋንቋ ሲነገር ግማሹ ይቀራል።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ የምትሉትን አዘጋጁ። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦ «ዶክተር፣ ይሄ የቆዳ ሕመም ከውስጥ በሽታ ጋር ሊያያዝ ይችላል ወይ? ምን ምን ብንመረምር ይሻላል? የትኛውን እናስቀድም?» ይሄን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙም ይደክመዋል፣ ጥያቄው ካልተነሳ ሊዘለል ይችላል። በጣም የተለመደው ስህተትም ይሄው ነው፤ ሽፍታው ይታከማል፣ ጡንቻው ይታከማል፣ ውስጡን ማንም አይፈልግም።

ምን ይታዘዛል?

መጀመሪያ ሕመሙ ራሱ ምን እንደሆነ ይለይ። ለዚህ ከቆዳው ትንሽ ናሙና ይወሰዳል፤ ባዮፕሲ የሚባለው ነው። ቦታው ይደነዝዛል፣ ትንሽ ይቆረጣል፣ አንድ ወይም ሁለት ስፌት ይደረጋል። «ከተነካ ይሰራጫል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ውኃ ለሚቋጥረው ዓይነት ሁለት ናሙና ይፈለጋል፤ አንዱ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ኢሚዩኖፍሎረሰንስ ለሚባል ልዩ ምርመራ ፎርማሊን ሳይነካው ይሄዳል። ሁለተኛውን እዚያው መሥራት ይቻል እንደሆነ ከመቆረጡ በፊት ጠይቁ፣ ሁለት ጊዜ ከመቆረጥ ያድናል። ለጡንቻ ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ አለ። እሱ ልክ ቢሆንም ግን ደርማቶማዮሳይቲስ የለም አያሰኝም፤ ቆዳውን ብቻ የሚይዝ ዓይነት አለ፣ እሱም ከካንሰር ነጻ አይደለም።

ቀጥሎ የውስጥ ፍለጋው። ሁሉም ሰው ሲቲ ስካን መነሳት አይችልም፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ በእጅ ከሚደረገው ጀምሩ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። ሐኪሙ ጡትን ይዳስስ፣ አንገት ብብትና ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይፈልግ፣ ሆድ ይዳስስ፣ ለሴት የማህፀን ምርመራ፣ እንደ አስፈላጊነቱ የፊንጢጣ ምርመራ ያድርግ። የሚያሳፍር ከሆነ ሴት ሐኪም ወይም ነርስ አብራ እንድትሆን ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ከዚያ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ኢኤስአር የሚባለው የደም ምርመራ፣ የጉበት ምርመራ፣ ሽንት፣ የደረት ራጅ ይሠራ። ሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም ይታይ፣ የሆድና የዳሌ አልትራሳውንድ ይነሳ። ሴቶች የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራውንም ጨምሩ፤ ሀገራችን ውስጥ ሴቶችን በብዛት የሚይዙት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸውና ለሌላ ጉዳይ ሄዳችሁም ቢሆን ትርፍ ነው።

ምልክት ካለ ደግሞ ምልክቱን ተከተሉ። ቶሎ የሚያጠግብ፣ የሚያስመልስ፣ ሰገራን እንደ ሬንጅ የሚያጠቁር ነገር ካለ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በካሜራ ጨጓራን ማየት። የሆድ ልማድ ከተለወጠ ወይም ደም ካለ ትልቁ አንጀት ይታይ። ሳልና ክብደት መቀነስ ሲኖር ቲቢ መፈተሹ ተገቢ ነው፤ ግን ቲቢ አለመሆኑ ሲታወቅ ጉዳዩ እዚያ መዘጋት የለበትም።

አደጋው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ማለትም ከላይ የዘረዘርኳቸው ነገሮች ካሉ፣ አልትራሳውንድና ራጅ አይበቁም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የጡንቻ ሕመም መመሪያ እንዲህ ላለው ሰው ከአንገት እስከ ዳሌ ሲቲ ስካን፣ ለሴት ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅና ሲኤ-125 የደም ምርመራ፣ ለወንድ ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ይመክራል። ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ዕቁብ የሚወጣ ከሆነ፣ ዘመድ የሚረዳ ከሆነ ለዚህ ይዋል። የፀረ እንግዳ አካላቱ ምርመራ በቀላሉ ስለማይገኝ እሱን እየጠበቃችሁ የቀረውን አታዘግዩ፤ ያለ እሱም ፍለጋው ይካሄዳል። እዚህ ያልተቻለው ወደ አዲስ አበባ፣ ለቆዳ ወደ አለርት፣ ለካንሰር ወደ ጥቁር አንበሳ ሊላክ ይችላል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ቀጠሮው መያዙን በስልክ አረጋግጡ፣ የባዮፕሲውን ውጤትም በእጃችሁ ያዙ።

ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት

ሕክምናው ካንሰሩ እስኪፈለግ ድረስ አይቆምም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ በሆነው በፕሬድኒሶሎን ነው። ከመጀመሩ በፊት ግን ስኳርና ግፊት ይለካ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ ይታዩ። በእኛ አካባቢ ሰገራም ይመርመር፤ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል አለ፣ ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ይቀመጥና ስቴሮይድ ሲገባ መላ ሰውነት ውስጥ ሊሰራጭ ይችላል። በባዶ እግር እርሻ ላይ የኖረ ሰው ይሄን ለሐኪሙ ይንገር። ሊምፎማ ከተጠረጠረም ናሙናው ከስቴሮይዱ በፊት ቢወሰድ ይሻላል፣ ስቴሮይዱ ዕጢውን ለጊዜው አሟሽሾ ሊደብቀው ይችላል።

ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቆምም። «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም፣ ወይም አልቆ ሳይገዙ መቆየት፣ ሰውን ራስ እስከ መሳት ሊያደርሰው ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ነው። ረመዳን ወይም ሌላ ጾም ከመድረሱ በፊት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

የሰውነት መከላከያን የሚያበርደው ሜቶትሬክሴት ከታዘዘ ደግሞ ይሄን ትልቅ አድርጋችሁ ማሸጊያው ላይ ጻፉ፦ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ምረጡ፣ ለምሳሌ ዓርብ፣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስደውም።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ጅማ ደመናና ዝናብ ቢበዛባትም ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ጨረሩ ደመናውን አልፎ ይመጣል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጥላ። የፀሐይ ክሬም መግዛት የቻለ ይቀባ፣ ያልቻለ ልብሱ በደንብ ይከላከልለታል።

ለታመመው ሰው እንንገረው ወይ?

ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ውጤቱ ለልጅ ወይም ለወንድም ይነገራል፣ ለታመመው ይደበቃል። «እማማ ከሰሙ ይሞታሉ» ይባላል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እማማ ለምን በየጊዜው ሆዳቸው አልትራሳውንድ እንደሚነሳ ካላወቁ ለሁለተኛው ቀጠሮ እምቢ ይላሉ፣ ለኢንዶስኮፒውም አይስማሙም፣ አዲስ ምልክት ሲመጣም አይናገሩም። የኔ አቋም ይነገራቸው ነው፤ በልካቸው፣ በሚቀርባቸው ሰው፣ ቡና ተፈልቶ ሰው ሳይበዛ። መጀመሪያ «እማማ፣ ሐኪሙ ያለውን በዝርዝር ልንገርዎት ወይስ ዋናውን ብቻ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን እሳቸው ይስጡ። «ካንሰር እየፈለጉ ነው፣ እስካሁን አልተገኘም» ማለት «ካንሰር አለብዎት» ማለት አይደለም፤ ልዩነቱን ቀስ ብላችሁ አስረዷቸው።

ካንሰር ከተገኘ ዕጢው ሲታከም ቆዳውም ጡንቻውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሻለዋል። ድኖ የነበረው ሽፍታ ከተመለሰ ደግሞ ካንሰሩ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

ካልተገኘ፣ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ፋይሉን አትጣሉት። አደጋው ከፍ ያለ ሰው የእጅ ምርመራው፣ የደሙ፣ የሽንቱና የደረት ራጁ ቢያንስ በየዓመቱ እስከ 3 ዓመት ይደገምለታል፤ መሃል ላይ ክብደት ከቀነሰ፣ አዲስ እብጠት ከወጣ፣ ከወር አበባ ውጭ ደም ከታየ ወይም ሽፍታው መድኃኒት እየተወሰደ ከባሰ ደግሞ ወዲያው። የምርመራ ወረቀቶችን በሙሉ በአንድ የፕላስቲክ ፎልደር በቀን ቅደም ተከተል አድርጉ፣ እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሱና ለሌላ የቤተሰብ ሰውም ላኩ። ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ የቆዳውንና የውስጥ ደዌውን ቀጠሮ በአንድ ሳምንት እንዲያደርጉላችሁ ካርድ ክፍል ሳትወጡ ጠይቁ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ቀጠሮ ቀንም ፎልደሩ ሽፋን ላይ ጻፉት።